የሩዝ ሱቃችን በቄሱ ስም የወጣ ጊዜ

ባሌ ቄስ ነው፤ እኔ ሩዝ ነጋዴ ነኝ። ከሁለታችን የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ወረታ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ደብሩ ለባሌ የሚቆርጥለት ደመወዝ ለጫማው ሶል እንኳ አይበቃም፤ ጫማው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ደብሩ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር የፎገራ ጭቃ አንድ እግር ጫማ ሳያስቀር አይለቀውም። እሱ እየቀደሰ፣ እኔ እየሸጥኩ ኖረናል፤ ማንም ምንም ብሎን አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር ለመንግሥት ለማስረዳት ግን አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብን።

ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ለብዙ ዓመት የሸጥኩት በራችን ላይ ጆንያ ዘርግቼ ነው። ከገበሬው ያልተፈተገ ሩዝ እገዛለሁ፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈትጋለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ስባሪውን በወንፊት፣ ጠጠሩን በጣቴ እለያለሁ። የእኔ ሩዝ ጠጠር የለውም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ በጎንደርና በባሕር ዳር መሀል የሚመላለሱ ሾፌሮች የሚመሰክሩት ነው። እሺ፣ ለመኩራትም ነው። ኋላ ላይ ትንሽ ሳጠራቅም አስፋልቱ ዳር ባለ አንድ በር ቤት ተከራየንና ገባሁበት። ብዙም ሳልቆይ በር ከፍቶ የሚሸጥ ሁሉ ንግድ ፈቃድና የግብር መለያ ቁጥር ያውጣ ተባለ።

ሌላው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ፎቶዬ የተለጠፈበት ፈቃድ በመስታወት አስገብቼ የምሰቅልበትን ቦታ ሁሉ መርጬ ነበር፤ ከጆንያዎቹ በላይ፣ ሰው ሲገባ ፊት ለፊት የሚያየው ግድግዳ ላይ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ሱቅ «የቄሱ ሚስት ጋ» እየተባለ ነበር የሚጠራው። ጠጠሩን የምለቅመው እኔ፣ ስሙ የቄሱ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ በጽሑፍ የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ከዚያ የበለጠ ምክንያት አልነበረኝም።

በዚህ መሀል አባቴ መጡ። አባቴ የይፋግ ገበሬ ናቸው፤ ሩዝ ይዘራሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ ያልተጠየቁትን ይመክራሉ። ገና ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ሳያስደግፉ የፈቃዱን ወሬ ሰምተው ኖሯል።

«በማን ስም ልታወጭው ነው?» አሉኝ።

«በስሜ ነዋ።»

«ቄስ ባል እያለሽ?»

«ቄሱ ምን ያደርግልኛል፣ አባቴ?»

አባቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቁ ጋቢያቸውን አውልቀው እንደገና ይለብሳሉ። «አየ ልጄ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ግብር ሲከፍል አይተሽ ታውቂያለሽ? በእኛ ጊዜ የሚገብረው ገበሬው ነበር። መስቀል ይዞ የተቀመጠን ሰው ግብር አምጣ ብሎ እጁን የሚዘረጋ ማን ነው? ሊቀበል በመጣበት እጁ ተሳልሞ ይሄዳል እንጅ።»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን የሚጠየቀው ንግዱ ነው፣ ቄሱ አይደለም።»

«ንግዱ በቄሱ ስም ከሆነማ ያው ቄሱ ነው» አሉና ጨረሱ። ከአባቴ ጋር ክርክር የሚያልቀው እሳቸው ሲጨርሱ ነው።

ከጎኔ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ደግሞ በሁለታችን ሱቅ መሀል ያለው ቆርቆሮ ምንም ስለማያስቀር ሁሉንም ሰምታ መጣች። እሷም «እውነታቸውን ነው። ግብር ሰብሳቢም ነፍስ አለው፤ ግዝት ይፈራል» አለች። ሁለቱ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የከተማው ግብር አከፋፈል በዚያ ቀን እኔ ሱቅ ውስጥ ተወሰነ።

ማታ ባሌ ከጸሎት ሲመለስ ጉዳዩን አቀረብንለት። እሱ ግን እንቢ አለ። ካህን እንዲነግድ አልተፈቀደም፣ ቀኖናው ይከለክላል አለና እራቱን ጠየቀ። እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ከተጋባን ጀምሮ ቀኖና ለእኔ ሲፈርድልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የሱቁ የኪራይ ውል በባሌ ስም ስለነበር ፈቃዱም መለያ ቁጥሩም ወደሚሰጥበት ግብር ቢሮ ስሄድ አብሮኝ መምጣት ነበረበት። ጥምጥሙን አሳምሮ፣ መስቀሉን ይዞ መጣ። ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ ወጥቶ ነበር፤ ግማሹ የባሌ የንስሐ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ዞር እያለ ሲሳለም፣ ሲሳለም ደግሞ ተራውን ሲለቅልን፣ ሳናስበው መስኮቱ ጋ ደረስን። መስኮቱ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ልጅ ሥርዓት ያላት ናት፤ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ተቀበለችን።

«ባልና ሚስት ናችሁ?»

«ነን» አልኳት።

«ሁለታችሁም ገቢ አላችሁ?»

«አንዳችን ብቻ» አልኩ፤ ለጫማ ሶል የማይበቃውን ደመወዝ አልቆጠርኩትም።

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳችን። በቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ይሁኑ እንጂ በግብር አንድ አይደሉም። የሁለቱ ተደምሮ አይታሰብም፤ የሚጠየቀው ገቢውን ያገኘው ሰው ብቻ ነው። «ስለዚህ ነጋዴው ማን እንደሆነ ንገሩኝ። ወይ እርስዎ፣ ወይ እሳቸው። ሌላኛው ሰው ገቢ የሌለው ተብሎ ይያዛል።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ከኋላችን ግን ሰልፉ ጸጥ ብሎ ነበር። ባሌ ዞር ብሎ አየ። የንስሐ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ፤ የቄሳችን ጉዳይ ምን ይሆን ብለው እንጂ በክፋት አይደለም። «ገቢ የሌለው» የሚለው ነገር ግን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነጋዴው እኔ ነኝ» አለ።

ቀኖናው የት እንደገባ እንጃ። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ባሌን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ባደርገው ከዚያ ወዲያ ማን መጥቶ ይናዘዝለታል? «እርስዎ ካሉ» ብዬ ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ ከዋጥኳቸው ነገሮች ሁሉ የመረረኝ እሱ ነው።

እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። በሰው ፊት ባሌን አንቱ እለዋለሁ፤ በሩን ዘግተን ስንገባ አንተ ነው። የዚያን ቀን ግን ቤት እስክንደርስ መጠበቅ አልቻልኩም።

«አንተ ሰውየ፣ ሩዝ ኪሎው ስንት ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ነጋዴ አይደለህ፣ ንገረኝ።»

አልነገረኝም። አያውቅማ። ወፍጮ ቤቱን ስናልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገቢ የሌለው ስትል ሰምተሻታል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«በእነዚያ ሁሉ ልጆቼ ፊት?»

ተናድጄም አሳዘነኝ። ንዴትና ሐዘን አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን እንዴት እንደሚያደክሙ ያየ ያውቀዋል። ቄስ ደግሞ ሚስቱን ፈቶ ሌላ ማግባት አይችልም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ስለዚህ ተጣልተን የትም አንደርስም።

ፈቃዱ ወጣ። እኔ በመረጥኩት ግድግዳ ላይ፣ እኔ በገዛሁት መስታወት ውስጥ የባሌ ፎቶ ከነጥምጥሙ ተሰቀለ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ ለፎቶው እጅ እየነሣ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጠጠር የሌለው አለሽ?» ይለኝ ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው ከዚያ የባሰ ነበር። እንደ እኛ ያለ መዝገብ የማይይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚቆረጠው በግምት ነው። ኮሚቴ ሳይነገር ይመጣል፤ ሱቁን፣ ዕቃውን፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ያያል፤ በቀን ይህን ያህል ይሸጣሉ ብሎ ይወስናል፤ የዓመቱ ግብር የሚሰላው በዚያ ነው። ልጅቷ ፈቃዱን ስትሰጠን ኮሚቴው ሲመጣ ባለፈቃዱ ሱቅ ውስጥ ቢገኝ ይሻላል ብላ ነበር። ባሌ ይህን ልክ እንደ ንስሐ ቀኖና ተቀበለው። ከቅዳሴ መልስ ሱቅ ይመጣል፤ ወንበሩን በሩ ላይ ያደርጋል፤ መስቀሉንና የጸሎት መጽሐፉን ይዞ እስከ ሠርክ ጸሎት ይቀመጣል።

ቄስ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ክርስቲያን የለም። «አባ ይፍቱኝ» ብሎ ይገባል፤ ባሌ «እግዜር ይፍታህ» ይለዋል፤ ተሳልሞ ይወጣል። ከሐሙሲት ለሌላ ጉዳይ የመጣው ሁሉ ሳይቀር ጎራ ይላል። አንዷ የታመመ ልጇን አዝላ ትመጣለች፣ አንዱ ያየውን ሕልም ሊያስፈታ ይመጣል። በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ጆንያዎቼ ላይ ፊትና ኋላ ተቀምጠው እስኪታረቁ ድረስ ገዢ የሚቆምበት አጥቶ ጎረቤቴ ጋ ሽንኩርት ገዝቶ ሄደ። ሲታረቁ ደስ አለኝ፤ ከጆንያው ላይ ሲነሡ ደግሞ የበለጠ ደስ አለኝ።

እኔ በሌለሁበት ሲሸጥ ደግሞ ጉድ ነው። ኪሎውን መዝኖ ሲያበቃ «ይህ ለእግዜር» ብሎ አንድ እፍኝ ይጨምራል። የባሌ እጅ ደግሞ ትልቅ ነው። ባልቴት ከሆነች እፍኙ ሁለት ይሆናል፤ ወላጅ የሌለው ልጅ ከሆነ ጭራሽ አይመዘንም። «እንዲህ ከሆነ ምን እንበላለን?» ስለው «እግዜር ያውቃል» ይለኛል። እግዜር ማወቁን እኔም አልጠራጠርም፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ለማስፈተጊያ የሚቀበለው ከእኔ ነው።

ኮሚቴው የመጣው እኔ ሩዝ ልገዛ ይፋግ በሄድኩበት ቀን ነው። ቀኑ የወሩ ማርያም ነበር። ማታ ሱቅ ስመለስ ባሌ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ዛሬ ደግ ሰዎች መጥተው ነበር» አለኝ።

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሲጽፉ ዋሉ። ወደ ማታ ገብተው ተሳለሙና ገበያ እንዴት ነው አሉኝ።»

የያዝኩትን ወንፊት አስቀመጥኩ። «ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞልቶ ተርፏል አልኳቸዋ።»

ወረታ ውስጥ በግምት ሰሞን ገበያ እንዴት ነው ተብሎ «ሞልቶ ተርፏል» ያለ ነጋዴ ከባሌ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ነጋዴ የዚያን ሰሞን ያለቅሳል። ዕቃውን ወደ ጓዳ ያገባል፤ መደርደሪያው ላይ አቧራ እንኳ ቢኖር አይጠርግም። ጎረቤቴ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡትን ገና ስታያቸው ሽንኩርት መላጥ ጀምራ ኖሮ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነው ያነጋገረቻቸው። ባሌ ግን ካህን ነው። ካህን እንዴት ነዎት ሲባል ያመሰግናል እንጂ አያማርርም፤ እሱ ካማረረ ምእመኑ ምን ይበል? የጠየቁት ሰላምታ መስሎት ለሰላምታ የሚገባውን መልስ ሰጠ።

«ሰውስ? ሰው ገብቶ ነበር?»

«ዕለተ ማርያም አይደል፤ ከቅዳሴ መልስ ደብሩ በሙሉ እዚሁ ነው የዋለ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። የገንዘቡን መሳቢያ ከፈትኩ። ያ ሁሉ ሰው ገብቶ የወጣበት ቀን የተሸጠው የአንድ ጆንያ ማስፈተጊያ እንኳ አይሆንም። ሻይ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ግን መሳቢያውን አላዩም። ያዩት በአንድ በር ሕዝብ ሲጎርፍ ነው።

ግምቱ ተለጠፈ የተባለ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄጄ ስማችንን ከታች ጀምሬ ፈለግሁ፤ ከትናንሾቹ ጋር የለም። መሀል ላይም የለም። መናኸሪያው ጋ ሩዝ በአይሱዙ እየጫነ የሚልከው ጅምላ ነጋዴ አለ፤ ስማችንን ያገኘሁት ከእሱ ስም ሥር ነው። አንድ ሰው ከኋላዬ «ቄሱ ተደብቀው ሀብታም ናቸው ለካ» ሲል ሰማሁ። ዞሬም አላየሁት፤ ባየው ኖሮ የምናገረውን አላውቅም።

የተጻፈው ከጸና ሱቁ ያበቃለታል። ያን ለመክፈል አባቴ ለሰርጌ የሰጡኝን፣ እሳቸው ጋ የምትረባውን ላም መሸጥ አለብኝ፤ እሷን ሸጬ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት የምሸጠው የለኝም። በሩን ከዘጋሁ ደግሞ እንደገና ጭቃ ላይ ጆንያ ዘርግቼ መቀመጥ ነው። ሌሊት ተደብቄ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባሌ አጠገቤ ቆሞ መስቀሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ አንቱ የሚል ግን አልነበረበትም።

አባቴ ወሬውን ሰምተው መጡ። ነገሩ ጨርሶ አልገባቸውም።

«መስቀሉን አላዩትም ነበር?» አሉ።

«አይተውታል አባቴ። ተሳልመውታል።»

«ተሳልመው ይህን ጻፉ?»

«አዎ።»

አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው እንደገና ለበሱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምክር አልሰጡኝም፤ ከዚያ ክረምት ያተረፍኩት ነገር ቢኖር አንዱ ይህ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ተባለ። ባሌ ምስክር ያስፈልገናል አለ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በማርያም ዕለት ሱቅ መጥታችሁ የተሳለማችሁ ሁሉ እባካችሁ ለእውነት መስክሩልን ብሎ ተናገረ። ሁለት ሦስት ሰው ይመጣል ብለን ነበር። በቅሬታው ቀን ደብሩ እንዳለ መጣ። ሽማግሌው ከዘራውን፣ ሴቷ ጃንጥላዋን ይዛ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ገማቾቹ ሦስቱም በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ለፊት። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ባሌ ሲገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተሳለሙ።

ከገማቾቹ አንዷ፣ ሴትየዋ፣ ሕዝቡን በእጇ አሳየች። «ይኸው። እኛ የቆጠርነው ይህንኑ ነው» አለች። ሰብሳቢው ሕዝቡን አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ምስክር ብለን ያመጣነው ሁሉ ደንበኛ ሆኖ አረፈው።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ተነሣሁ። «ጌታው፣ አሁን ከመቀመጫዎ ተነሥተው ተሳለሙ» አልኳቸው ሰብሳቢውን። «ምን ገዙ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉና እውነት ነው አሉ። ቀጥለው ግን ፈቃዱን አንሥተው አነበቡ። «ይህ ወረቀት ነጋዴው እሳቸው ናቸው ይላል። ነጋዴ ጋ የገባ ገዢ ነው ተብሎ ነው የሚያዝ። ሰው የገባው ወደ ቄስ ነው ካላችሁ ደግሞ ነጋዴው ሌላ ሰው መሆን አለበት። አባ፣ ነጋዴው ማን ነው?»

ያው ጥያቄ ነው። የንስሐ ልጆቹ ደግሞ አሁን ከኋላው ተሰልፈው ሳይሆን ዙሪያውን ሞልተው ነው። እኔ ባሌን አላየሁትም፤ ወለሉን ነው ያየሁት። አሁንም «እኔ ነኝ» ቢል ሱቄን ዘግቼ መሄድ ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እሱን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም ነበር።

ባሌ ፊቱን ከኮሚቴው ወደ ሕዝቡ አዞረ።

«ልጆቼ፣ ነጋዴዋ እሷ ናት» አለ። «እኔ የሩዝ ዋጋ አላውቅም። ይህን ጥምጥም የገዛችው እሷ ናት፤ ጫማዬን የገዛችው እሷ ናት፤ ቤቴ ስትመጡ የምትቀምሱት ከእሷ እጅ ነው። መስኮቱ ላይ ስጠየቅ እናንተን አፍሬ ዋሸሁ። ገቢ የሌለው እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ከአዳራሹ መሀል አንዲት ባልቴት፣ እፍኝ እፍኝ ሩዝ ሲጨመርላቸው ከከረሙት አንዷ፣ ሳያስቡት ይመስለኛል «እግዜር ይፍታዎ አባ» አሉ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ፍትሐቱን ተቀበለ። የሳቀም ነበር፣ እንባውን የጠረገም ነበር። እኔ የቱን እንዳደረግሁ አላስታውስም።

ሰብሳቢው ግምቱን ሰረዙት። የቄሱ ፈቃድ ይመለስ፣ በእኔ ስም አዲስ ይውጣ፣ ሱቁም እንደገና ይታይ ተባለ። ባሌ ጀምሮት የማያውቀውን ንግድ ማቆሙን በፊርማው አረጋገጠ። ከዚያ ወደዚያችው መስኮት ሄድን፤ ያቺው ልጅ ናት። የንስሐ ልጆቹም አብረውን መጡ፤ ወደ ቤት የሄደ ሰው አልነበረም።

«የነጋዴዋ ሙሉ ስም?» አለች ልጅቷ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ባሌ ቀደመኝ። ቀስ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ ስሜን ተናገረ። ልጅቷ ጻፈችና መታወቂያዬን አየች፤ እንደገና አየች።

«ይህ ስም እዚህ ላይ የለም» አለች።

የክርስትና ስሜ ነበር። ክርስትና እናቴ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴ ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ባሌ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ለምዶብኝ ነው» አላት። «ጧት ጧት መንበሩ ፊት ስቆም የምጠራት በዚህ ነው።»

«በየቀኑ?» አለች ልጅቷ።

«ታዲያስ። ከእሷ በፊት የማንን ስም እጠራለሁ?»

ባሌን የማኖረው እኔ እንደሆንኩ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የዚያን ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ነገራቸው። እሱ ግን ከተጋባን ጀምሮ ስሜን ሲጠራልኝ መኖሩን አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም፤ እኔም የሚያደርግልኝ ነገር የለም ብዬ ነበር የኖርኩት። እወደው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጅቷ የመታወቂያ ስሜን ራሴው እንዳነብላት ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ዓይኔ ስለተጋረደ ፊደሉ አልታይ አለኝ፤ ባሌ ከጎኔ ጎንበስ ብሎ ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን አነበበላት።